ለመኪና ጎማ የተሠራ ዳገት

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ነገ ባለቤቴን ይታይሽን ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። የሞባይል ጥገና ሥልጠናዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። እስከ መስከረም መጀመሪያ ይቆያል፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለው። ላለፈ ሰው የምስክር ወረቀትና የመጠገኛ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ከሁለት ቀን በላይ የቀረ አይፈተንም። እሷ ከአሁኑ የሱቁን ቦታ መርጣለች፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኝበት፣ ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ዳር። "ስልኩ የሞተበት መንገደኛ ከእኔ ሌላ የት ይሄዳል?" ትላለች።

አምና በጥር ባጃጁ ተገልብጦ ወገቧ እስኪጎዳ ድረስ ባለቤቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ከፎገራ ቀበሌዎች በእግሯ ያላዳረሰችው ጥቂት ነው። አሁን የምትሄደው በዊልቸር ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ክረምቱን ሙሉ ሥራ የለኝም። እኔ እያለሁ ምን ያሳስባታል?

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ፣ ማታ

መናኸሪያውን ልጻፈው። የድሮው በየክረምቱ ውኃ ይገባበት ስለነበር አዲሱን ግቢ አፈርና ጠጠር ሞልተው ከፍ አድርገውታል። መኪኖቹ ከላይ ናቸው። የትኬት መስኮቱ ግን ከታች፣ ከመንገዱ እኩል ቀርቷል። ሒሳቡ የሚከፈለው መኪናው ውስጥ ነው፤ የወረፋ ትኬት የቆረጠ ሰው ወደ መኪናው የሚደርሰው የሲሚንቶ ደረጃ ወጥቶ ነው። መኪና ግን በወዲያኛው በኩል፣ በአስፋልቱ በር፣ በለዘብተኛ ዳገት ይገባል።

ይታይሽ ዳገቱን ስታይ ወንበሯን ወደዚያ አዞረች። ዘበኛው አስቆማት። የመናኸሪያው ኃላፊ አቶ መንግሥቴ ከቢሯቸው ወጡ።

"እግረኛ በመኪና በር አይገባም፣ እህቴ።"

"አቶ መንግሥቴ፣ እኔን እግረኛ ካሉኝማ አፍዎ ይባረክ።"

ዘበኛው ሳቀ። አቶ መንግሥቴ አልሳቁም። "አምና አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲመጣ አንዲት ልጅ ገጭቶ እዚህ በር ላይ ጥሏታል" አሉ። "ከመሬት ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እዚህ ላይ ሰው አላነሳም።"

"ለመኪና ጎማ ዳገት ሠርታችሁለታል" አለች ይታይሽ። "የኔስ ጎማ አይደለም?"

አቶ መንግሥቴ ወንበሯን አዩና ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ገቡ።

አዘልኋት። በነጠላ ወገቤ ላይ አሰርናትና ደረጃውን ወጣን። ከደረጃው ሥር ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ጮክ ብላ፣ "እንዲህ ያለውን ባል ለሁሉም ያድለን!" አለች። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ዘመነ ነበር፤ ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ።

"ሁለት ነን።"

"ቲቸር፣ ወንበሩስ? ወንበሩም እኮ ወንበር ይዟል።"

"ታሪፉ ላይ የወንበር ሒሳብ የት ነው ያለው?" አለች ይታይሽ።

"ታሪፉ ላይ ፍየልም የለም እትዬ፤ ፍየል ግን ይከፍላል። ሒሳብ ደግሞ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።"

መኪናው በሳቅ ሞላ። ከፈልሁ። አንድ ሰው ለመማር ሲሄድ ሦስት ሰው ይከፍላል፤ አንዱ ተማሪዋ፣ አንዱ ወንበሯ፣ አንዱ እኔ። ቢሆንም እችለዋለሁ። ደግሞ ያለ እኔ ደረጃውን እንዴት ትወጣለች?

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ደረጃው ያዳልጣል። ወጣን፣ ወረድን። ቆሎ ሻጯ ዛሬም መረቀችኝ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

የሥልጠናው ክፍል ውስጥ አጃቢ አይገባም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ዋልሁ። ድምፅ ይሰማል። ይታይሽ ስትስቅ ሰማኋት። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሊድያ ከምትባል አብራት ከምትማር ልጅ ጋር ነው። ስንመለስ ምን እንዳሳቃት ጠየቅሁ። "ስልኩን ፈታትተን ስንገጥመው አንድ ብሎን ተረፈን" አለችኝ። እኔ አላሳቀኝም።

ወገቤን ትንሽ ይዞኛል። የበረንዳው ሲሚንቶ ቀዝቃዛ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

የይታይሽ ታላቅ ወንድም አንለይ ከቁሐር ሚካኤል መጣ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። የሩዝ አረም ላይ ናቸው። ሰው ሁሉ እኔ እህቱን እያዘልሁ እንደምወጣ ነግሮታል።

"መምህር፣ ብቻህን ምን ያለፋሃል? እኛ እኮ የቃሬዛ ማኅበር አለን። በየተራ እየመጣን እንሸከማታለን።"

ይታይሽ ቀና አለች። "ቃሬዛ ያየ ሁሉ ሥራውን ጥሎ 'ማን ነው? ነፍሱ አለች?' እያለ ይከተላል። በሳምንት ሁለት ቀን ልታስለቅሱብኝ ነው? እኔ አልታመምሁም፤ ትምህርት ነው የምሄደው።"

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"ከደረጃው አጠገብ አፈር ሙሉልኝ። እኔ ራሴ እወጣዋለሁ።"

አንለይ ጭኑን መታ። "ይቺማ የእኛ ሥራ ናት! ከልጅነት እስከ ዕውቀት አፈር ስንከምር አይደል የኖርነው?"

ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"ደግ ነው" አልሁ። "ግን ክረምት የተሞላ አፈር ይቆማል? ደግሞ አቶ መንግሥቴ አይፈቅዱም።" ይህን ያልሁት እንዳታዝን ነው። በኋላ ከማዘን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አቶ መንግሥቴ ፈቀዱ። ራሷ ናት የጠየቀቻቸው፤ እኔ ትኬት ስቆርጥ። "በጀት የለኝም፤ ራሳችሁ ከሠራችሁት ግን እሰየው ነው" አሏት። እንዲያውም አካፋ እንደሚያውሱ ተናገሩ። ሰው እንዲህ ቶሎ ይለወጣል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ግራ እግሬ ላይ የሆነ ነገር ይጠዘጥዘኛል። ብርድ ነው። ለይታይሽ አልነገርኋትም፤ የሷ ይበቃታል።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬ መወጣጫው ተሠራ።

የቁሐር ሰዎች የመጡት የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ነው። በዛሬው ቀን ማሳ አይነካም፤ ሌላ ቀን ደግሞ አረሙ አይለቃቸውም። አንለይ ቄሱን አስቀድሞ ጠይቋል። "ለራሳችሁ መቆፈር አይገባም፤ ለሰው መንገድ ማቅናት ግን ጽድቅ ነው" ብለውታል። ዶማና አካፋ ተሸክመው፣ ፍልሰታ ነውና ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዋሉ። ዘመነም ከሚኒባሱ ወርዶ ድንጋይ አቀበለ። "የወንበሩን ሒሳብ በጉልበቴ ልመልስ" እያለ ያስቃል።

ሲሠሩ ማየት ነበር። ድንጋዩን ከሥር ደረደሩ፣ ጥቁሩን አፈር ከምረው በእግራቸው ረገጡ፣ ዳር ዳሩን ሣሩን ከነሥሩ ነቅለው ለበጡት፣ ከላይ ጠጠር አለበሱት። ልክ የሩዝ ማሳ እንደሚገድቡት፣ ጠብታ የማያሾልክ አድርገው።

ከግቢውና ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በደረጃው ሥር ባለች ቦይ ወደ መንገዱ ይሄድ ነበር። መወጣጫው ቦይዋ ላይ አርፏል። አፏን በሣርና በጭቃ አጥብቀው ሲደፍኑት አየሁ። አንለይ ግን ከውኃ ጋር ያደገ ሰው ነው፤ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ምን ብዬ እናገራለሁ? በጾም የዋለ ሰው ሥራው ላይ አቃቂር ማውጣት ደግሞ ነውር ነው።

ይታይሽ አመሻሽ ላይ ሞከረችው። እስከ ግማሹ ወጥታ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ጨረሰችው። ከላይ ሆና እልል አለች። የቁሐር ሰዎች አጨበጨቡ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ራሷ ወጣች። ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ። ቆሎ ሻጯ አላየችኝም።

መኪና ውስጥ፣ "ለምን ትለፋለህ?" አለችኝ። "ባሕር ዳር ስደርስ ሊድያ መኪናው ድረስ ትመጣልኛለች። ያንተን ሒሳብ ብንቆጥበው ለሱቁ ኪራይ ይሆናል።"

"ብቻሽን አልልክሽም።"

በመስኮቱ አየች። ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበታል።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ሌሊቱን የዘነበው ለጉድ ነው። ጧት ዘመነ በሩን አንኳኳ። "ቲቸር፣ መናኸሪያው ኩሬ ሆኗል!"

ሄድሁ። ውኃው መወጣጫው ላይ ተደግፎ ተኝቷል። መውጫ ሲያጣ የትኬት ክፍሉ ገብቷል። የአንድ ገበሬ የጨው ጆንያ ከግድግዳው ሥር አድሮ ግማሹ ሟሙቷል። ገበሬው እየጮኸ ነው። አቶ መንግሥቴ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውኃው መሐል ቆመዋል።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

መወጣጫው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ይፈርሳል፤ እስከዚያ ዝግ ነው። አቶ መንግሥቴ አልተቆጡም። "እኔም ባለቤትህ ስትወጣበት ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ። የእሾህ ቅርንጫፍ ጥለውበታል።

አንለይ ሰምቶ መጣ። ኩሬውን ዞሮ ዞሮ አየና ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። "አይ እጅ! ውኃ ካየ መገደብ ነው የሚያውቀው። ማሳለፍን ማን አስተማረን?" የጨው ባለቤቱን በሩዝ ሊክሱት ተስማሙ።

ዛሬ ሳንሄድ ቀረን። አንድ ቀን ቀረች ማለት ነው። ማታ ድንገት ጠየቀችኝ።

"ቦዩን አይተኸው ነበር?"

"የቱን ቦይ?"

"ስትደፈን።"

"የት ልየው? ድንጋይ ሳቀብል ነበር።"

መብራቱን አጠፋሁ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

እንደገና አዘልኋት። ቆሎ ሻጯ መረቀችኝ። ብዙ ሰው ሰላም አለኝ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

የመጨረሻው ደረጃ ላይ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ዘመነ ከላይ ሆኖ ብብቷን ይዞ ባይስባት ወደ ኋላ እንሄድ ነበር። ጭቃ አዳልጦኝ ነው። ለሁሉም እንደዚያ ነገርሁ። ዘመነ ጫማዬን አየ፣ ደረጃውን አየ። ደረጃው ደረቅ ነበር፤ ግን ጭቃ በጫማም ይመጣል።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ብርድ። ቅዳሜ እድናለሁ።

ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ጧት ነጠላውን አነሣሁ። ይታይሽ፣ "አስቀምጠው" አለች። አልተቆጣችም። ወንበሯን እየገፋች እስከ መናኸሪያው ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው እንደ ጉድ ነው። ትኬቷን ቆረጠች። ደረጃው ሥር ስትደርስ ከወንበሯ ወርዳ፣ ጀርባዋን ወደ ደረጃው ሰጥታ፣ የመጀመሪያው ላይ ተቀመጠች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየወጣሁ።"

በእጇ ተደግፋ ራሷን ወደ ላይ አነሣች፤ ቀጥሎ እግሮቿን አንድ በአንድ በእጇ ሰበሰበች። ከዚያ ቀጣዩ። ነጭ ቀሚሷ ጭቃ ላይ ይጎተታል። አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቆሎ ሻጯ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ላነሣት ጎንበስ ስል ዓይኔን አየችኝ።

"ወንበሩን አምጣልኝ" አለች። "እኔን ተወኝ።"

ወንበሩን ይዤ ተከተልሁ። ወንበሩ ቀላል ነው። እሱንም ማንሣት አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አሳረፍሁት። ከላይ ደርሳ ቁልቁል ታየኝ ነበር። ቀሚሷን አራገፈችና፣ "ና" አለችኝ፤ ልጅ እንደሚጠራ።

ዘመነ የወንበሩን ሒሳብ አልጠየቀም። ማንም አልቀለደም።

ደረጃውን ለምን እንደወጣችው አሰብሁ። ፈተናው እንዳያመልጣት ነው። ሌላም ይኖረዋል፤ ዛሬ አልጽፈውም።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

በጧት ተነሥቼ ወደ ቁሐር ሄድሁ። ባጃጅ ከመንገዱ አልወረደም፤ የቀረውን ጭቃውን በእግሬ፣ በዱላ ተደግፌ። አንለይ ማሳው ዳር ቆሞ ነበር።

"ይታይሽ ደኅና አይደለችም?"

"ደኅና ናት። መወጣጫው ሳይፈርስ ውኃውን ከሥሩ ማሳለፍ ይቻላል። ሁለት አሮጌ በርሜል ክዳንና ታቹን ቆርጠን፣ አጋጥመን ቦዩ ውስጥ ብንቀብረው።"

ዓይን ዓይኔን አየኝ።

"መቼ ታየህ?"

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ትቼው የዱላዬን ጭቃ ጠረግሁ።

"ደግ" አለ አንለይ፣ ዶማውን እያነሣ። "አሁንም አልመሸም።"

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

ይታይሽ ዛሬም ደረጃውን ራሷ ወጣች፤ ዘመነ ከጎኗ ሄደ። እኔ ቀረሁ፤ አንለይና ሁለት ጎረቤቶቹ በርሜሉን ይዘው ስለመጡ። መወጣጫውን መሐል ለመሐል ሰነጠቅነው፣ በርሜሉን ቀበርን፣ መልሰን ረገጥነው። እኔ መቆፈር አልቻልሁም። ቁልቁለቱን እየለካሁ "ዝቅ፣ ዝቅ" ስል ዋልሁ። አቶ መንግሥቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። "ዝናብ ይፍረድ" አሉ። "ከዘነበና ካሳለፈ እሾሁን አነሣለሁ።"

ስትመለስ አፈሩን አየች፣ ጫማዬንም አየች። ራት ላይ ከራሷ ቆርሳ አጎረሰችኝ።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

እንቁጣጣሽ። ሰው ሁሉ እንዳይዘንብ ይጸልያል፤ እኔ እንዲዘንብ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ጃንጥላ ይዤ ሮጥሁ፤ መሮጥ እንኳ አይባልም። አቶ መንግሥቴም በበዓል ልብሳቸው መጥተዋል። ውኃው ከጣሪያው ወረደ፣ ወደ መወጣጫው መጣ፣ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በርሜሉ ጎሮሮው እንደተከፈተለት ጮኸና በወዲያኛው በኩል ድፍርሱ ወጣ። አቶ መንግሥቴ እሾሁን በእጃቸው አነሡት። ጣታቸውን ወግቷቸው፣ "እንኳን አደረሰህ" አሉኝ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ትምህርት። በመወጣጫው ወጣች። አብሬያት ሄድሁ፤ አልከለከለችኝም። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፤ ፈተናው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነው። ፈቃድ ልጠይቅ?

መስከረም 6፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ፈቃድ አልጠየቅሁም። ጧት እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ትኬቷን ቆርጣ መወጣጫው ሥር ስትደርስ፣ "እዚህ ይበቃል" አለች።

ቆምሁ። ገፋች። መሐሉ ላይ፣ በርሜሉ ከተቀበረበት፣ አፈሩ አዲስ ስለሆነ ጎማዋ ተያዘ። እጄ ተነሣ። ከላይ የዘመነም እጅ ተነሥቶ ነበር። ሁለታችንም ተያይተን እጃችንን አወረድን። ወደ ፊት አዘንብላ ትንፋሿን ሰብስባ ገፋችው፤ ለቀቀና ወጣች።

ዘመነ ወንበሩን አጥፎ ከኋላ ወንበሮች ሥር አስገባው። ዛሬ ሒሳቡ ስንት እንደሆነ ከታች ሆኜ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ መኪናው አንድ ወንበር ጎድሎበት ነበርና፣ ረዳት ሁሉ እንደሚጮኸው ጮኸ፦ "ባሕር ዳር አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይታይሽ ከበሩ እጇን አወጣች። "አንድ ሰው አለ!" አለች። ዘመነ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበላት፤ በሩን ዘጋ።

ክፍል ስገባ ልጆቹ ተነሡ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍሁ። ያስተማርሁት ምን እንደነበር አላስታውስም፤ መስኮቱ ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ ያሳያል።

ማታ በባጃጅ መጣች። ፈተናው ደኅና ነበር፤ ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይነገራል። የሰጧት ስልክ ድምፅ የማያሰማ ነበር፤ ከፍታ ጠግና ደወለችበት። ማን ጋ እንደደወለች ጠየቅሁ።

"አንተ ጋ። አላነሣህም።"

"ክፍል ነበርሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። "ወገብህ እንዴት ዋለ?"

ስለ ወገቤ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ሐምሌን ሙሉ ግን በደረቷ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ትንፋሼን ስትሰማ ነበር።

"ብርድ ነው" ልል ነበር።

"ያመኛል" አልኋት።

"ተኛ" አለች። በሆዴ ተኛሁ። ከጤና ሠራተኝነቷ ዘመን የቀረውን ቅባት አወጣችና ወንበሯ ላይ እንዳለች ጀርባዬን ታሸው ጀመር። ሲበቃት፣ "ቦዩንም አይተኸው ነበር" አለች።

"አይቼው ነበር።"

እጇ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።